ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ

ለአካል ጉዳተኛ ልጆችና ጎልማሶች የትምህርት ማዕከል ለመክፈት ያሰቡ ሰዎች ሲያማክሩኝ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ መምህራን ከማውራቴ በፊት የፈቃድ ማመልከቻውን ቅጽ እንዲያሳዩኝ እጠይቃቸዋለሁ። ከቅጹ ላይ የምፈልገው የተማሪዎቹ ዕድሜ የሚሞላበትን መስመር ነው። ይህን መስመር በጊዜው ያሳየን ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በእኛ ማዕከል የሚማሩት ጎልማሶች ያን ሁሉ መጉላላት ባላዩ ነበር።

ሌላው ሥራ ቢከብድም መላ አያጣም። ቤት ስንመርጥ ከመማሪያ ክፍሎቹ በፊት መጸዳጃ ቤቱን አየን፤ ምክንያቱም ተሽከርካሪ ወንበር በቦታው ለመዞር አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ክፍት ወለል ይፈልጋል፤ መጸዳጃ ቤት መግባት ያልቻለ ተማሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል። መወጣጫውን 1 ለ12 በሆነ ተዳፋት አሠራነው። በዚህ ስሌት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መግቢያ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ስለሚጠይቅ፣ ግቢውን ሳትለኩ ውል አትፈርሙ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ተማሪዎች ስለነበሩን፣ ከጥበቃ ሠራተኛው ጀምሮ ሁሉም ሰው ሰዓት መያዝን፣ ተማሪውን በጎኑ ማስተኛትን፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተትንና መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራትን እንዲሠለጥን አደረግን።

ፈቃዱን የጠየቅንበት መሥሪያ ቤት የሰጠን ቅጽ የተዘጋጀው ለልጆች ትምህርት ቤት ስለነበር፣ የዕድሜው መስመር ከ18 ዓመት በላይ የሚሞላ ቦታ አልነበረውም። ጎልማሶችንም እንደምናስተምር በማመልከቻ ደብዳቤያችን ላይ በግልጽ ጽፈናል፤ በቃልም አስረድተናል። ኃላፊው ደብዳቤውን አንብቦ፣ ቅጹን እንዳለ እንድንሞላና የጎልማሶቹ ጉዳይ «በኋላ እንደሚስተካከል» ነገረን። ይህን ያለን ፊርማውን ባሳረፈበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በኋላ ግን ጉዳዩን የሚያስተካክል ሰው ጠፋ፤ ኃላፊውም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ በጎልማሶች ክፍል ውስጥ አንድ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለው ወጣት ሸሚዝ መልበስ ይማር ነበር። መምህርቷ ሸሚዙን አልብሳው፣ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆልፋ የመጨረሻዋን ብቻ በቀዳዳዋ ውስጥ ግማሽ ድረስ አስገብታ ተወችለት። እርሱም በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ይዞ ስቦ አወጣትና ቀና ብሎ አያት። ይህ አሠራር አንድን ተግባር በትናንሽ እርምጃዎች ከፍሎ ከመጨረሻው እርምጃ ወደ መጀመሪያው እያፈገፈጉ ማስተማር ነው። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራውን የሚጨርሰው ራሱ ስለሚሆን፣ የመጨረስን ደስታ ሳያጣ ወደ ኋላ አንድ አንድ እርምጃ ይጨመርለታል። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ይህን እያየ «ይህ ትምህርት ነው?» ሲል ጠየቀ። መምህርቷ የዕለት መመዝገቢያዋን ከፍታ፣ ወጣቱ የትኛውን ቁልፍ ያለ እርዳታ፣ የትኛውን እጁን እየተያዘ እንደቆለፈ አሳየችው። እርሱ ግን ስለ ዕድሜው ብቻ ጻፈ፤ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑት ሁሉ እንዲወጡም ታዘዝን።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ጎልማሶች የማኅበራዊ ጉዳይ እንጂ የትምህርት ጉዳይ አይደሉም አለን። ማኅበራዊ ጉዳዩ ደግሞ የማቆያና የእንክብካቤ ፈቃድ እንጂ የማስተማሪያ ፈቃድ እንደማይሰጥ፣ ማስተማር ከፈለግን ወደመጣንበት እንድንመለስ ነገረን። በሁለቱ መካከል ስንመላለስ ያነጋገርናቸው ሰዎች ደግነት አልጎደላቸውም፤ ወንበርም ስበውልናል። ነገር ግን አካል ጉዳተኛ ጎልማሳ የሚማርበት ፋይል በየትኛውም መደርደሪያ ላይ አልነበረም፤ ፋይሉን ልክፈተው የሚልም አልተገኘም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የጎልማሶችን ትምህርትና የዕድሜ ልክ ትምህርትን በስም ጠቅሶ መብት አድርጎታል። ገጹን አሳትሜ፣ አንቀጹን አስምሬ ይዤ ስሄድ፣ አንዲት ባለሙያ በጥሞና ካነበበች በኋላ ስምምነቱን እንደማትቃወም፣ ቅጹ ግን እንደማያስኬዳት ነገረችኝ።

ወረቀቱ ሲንከባለል ጎልማሶቹ ቤታቸው ተቀመጡ። አንድ ልጅ ለጥቂት ሳምንታት ከትምህርት ቢለይ ያካክሰዋል ይባላል፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ግን ያልደጋገመውን ክህሎት ቶሎ ያጣል፤ የቤቱ ሰው ደግሞ ስለሚቸኩል ሥራውን ይሠራለታል። ያ ወጣት ሲመለስ ሸሚዙን እናቱ ስታለብሰው ከርማ ስለነበር፣ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እስኪያለብሱት ይጠብቅ ነበር። ከመጨረሻዋ ቁልፍ እንደገና ጀመርን። በሥዕል ካርድ ውኃና ዕረፍት መጠየቅ የለመደች ሴት ደግሞ ካርዶቹ ማዕከሉ ውስጥ ስለቀሩ ወደ መጮኽ ተመልሳ ነበር። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የሚወስን ባለሥልጣን አንድ ቀን እንኳ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማየት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተፈታው ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች በአንድ ስብሰባ ላይ ስናስቀምጣቸው ነው። የወላጆቹ ኮሚቴ ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል ደብዳቤ አስገባ፤ ጎልማሶቹን ማስተማር የሚከለክለው የትኛው ሕግና የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ጠየቀ። በቃል «አይቻልም» ማለት የሚቀላቸው ሰዎች «አይቻልም» ብለው መፈረም ከበዳቸው። በመጨረሻም ከፈቃዳችን ጋር የሚያያዝ፣ የሁለቱም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጻፈልን።

ስለዚህ የቃል ተስፋን ተቀብላችሁ ቅጽ አትሙሉ። «በኋላ ይስተካከላል» ያላችሁን ሰው ይህንኑ በደብዳቤያችሁ ኅዳግ ላይ ጽፎ እንዲፈርምበት በትሕትና ጠይቁት፤ እንቢ ካለ ጥያቄያችሁን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብታችሁ የገቢ ቁጥር ያዙ። ወላጆችንም ችግር እስኪመጣ ሳትጠብቁ ከመነሻው አደራጇቸው፤ የማዕከል ኃላፊ ብቻውን ሲከራከር ጥቅሙን የሚያስከብር ነጋዴ ይመስላል፤ ወላጅ ሲናገር ግን የተዘጋው በር ይከፈታል።

ተማሪዎችን በጉዳት ዓይነት መድቡ የሚል ምክር እንሰማለን፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር) ያለበት ተማሪ እጁ እየተንቀጠቀጠ አእምሮው ንቁ ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ካለባቸው ሁለት ልጆች አንዱ አንብቦ ሲጽፍ ሌላው ገና ስሙ ሲጠራ መዞርን ይማር ይሆናል። እኛ የምንመድበው በሚማሩት ነገርና በሚያስፈልጋቸው ድጋፍ ነው። የሕክምና ማስረጃ ሳይመጣ አትመዝግቡ የሚለውንም አልቀበልም። ማስረጃው ለጤና ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ወላጅ ወረፋ ሲጠብቅ ልጁን ማስተማር ይቻላል፤ የምናስተምረውን የሚወስነው የልጁ ችሎታ እንጂ የምርመራው ስም አይደለም።

ልጆችንና ጎልማሶችን በአንድ ግቢ ማስተማር ግን የሚፈቀደው ክብራቸው ሲጠበቅ ብቻ ነው። ዕድሜው የደረሰ ሰው ቁጥር መቁጠር ቢማር፣ የሚቆጥረው የገንዘብ ኖቶችን እንጂ የአሻንጉሊት እንስሳትን መሆን የለበትም፤ አጠራሩም «አንተ ልጅ» መሆን የለበትም። ልብሱን ሲቀይር እንደማንኛውም ጎልማሳ በሩ ይዘጋለታል። ይህን የማይጠብቅ መምህር ምንም ያህል ቢችል አንቀጥረውም።

ፈቃዱን በየጊዜው ስናሳድስ የሚሰጡን ቅጽ አሁንም ያው ነው። እኛ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑት ጎልማሶችም እንደሚጨመሩ ከመስመሩ ጎን በእጅ እንጽፋለን፤ የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ እናያይዛለን፤ በእጅ በተጻፈው ላይም ማኅተም ካላረፈበት ቅጹን ተቀብለን አንወጣም።