ሚሚ የቆሸሸች መስሎኝ ነበር

ድመቴ ሚሚ 12 ዓመቷ ነው። ድሮ ፀጉሯ ሐር ነበር። አምና ግን ከወገቧ እስከ ጅራቷ ሥር ዘይት የፈሰሰባት መሰለች። ፀጉሯ በቁንጥር በቁንጥር ይጣበቃል፣ ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ቢጫ ፎረፎር አለ፣ ደባብሻት እጄን ሳሸተው ደግሞ የቆየ ቅባት ይሸታል።

እኔ ምን አደረግኩ? በራሴ ሻምፖ አጠብኳት። ሞኝነት ነው። የሰው ቆዳ ከድመት ቆዳ ይልቅ አሲድነቱ ከፍ ይላል፤ ሻምፖውም የሚዘጋጀው ለእሱ ነው። በ3 ቀን ውስጥ ወዙ ተመለሰ፣ ቆዳዋም ቀላ። ከዚያ አንዲት ጓደኛዬ የሻይ ዛፍ ዘይት ቀቢያት አለችኝ። ጠርሙሱን ሳልከፍት ማንበቤ በጀኝ እንጂ ለድመት መርዝ ነው፤ የተቀባችውን ሁሉ ደግሞ ልሳ ትውጠዋለች።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ከቆዳዋ ላይ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ። ቅንቅን የለም፣ እርሾ የሚባለው ፈንገስ ግን በዝቷል። ስኳርና የታይሮይድ ችግርም አሮጌ ድመት ላይ ፀጉር ስለሚያበላሹ ደሟን አስመረመረ፤ ደህና ነች። ከዚያ ወገቧን ጫን ሲያደርጋት ዞራ ልትነክሰው! «ወገቧን ስትልስ መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ለካ ዓይኔ ሥር ነበር። ፊቷ፣ ደረቷና የፊት እግሮቿ ንፁህ ናቸው። የቆሸሸው ምላሷ የማይደርስበት ቦታ ብቻ ነው። ድመት ስትልስ ትርፉን ወዝ ታነሳለች፣ የቀረውን በፀጉሯ ላይ ታዳርሳለች። የእኔዋ 6.8 ኪሎ ደርሳለች፣ መገጣጠሚያዎቿም ታመዋል፣ እንዴት ብላ ትጠማዘዝ? (ቅባቱ ጅራት ሥር ላይ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ላይ፣ እዚያ ያለው እጢ በዝቶ የሚያመነጨው ሊሆን ይችላል። የእኔ ግን ሌላ ነበር።)

ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ አዘዘላት። የሰው መድኃኒት እንዳትሞክሩ፣ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ሊገድል ይችላል። ምግቧን በሚዛን መስጠት ጀመርኩ፣ ግን ቀስ ብዬ፤ ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀናት እንኳ ካልበላች ጉበቷ በስብ ይጎዳል። 1 ኪሎ ለመቀነስ 7 ወር ፈጀብን።

ለእርሾው ክሎርሄክሲዲንና ሚኮናዞል ያለበት ሻምፖ ተሰጠን። አረፋው 10 ደቂቃ መቆየት አለበት። እርጥብ ድመት ይዛችሁ 10 ደቂቃ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መጀመሪያ ላይ በ2 ደቂቃ እያጠብኩ «መድኃኒቱ አልሠራም» እል ነበር። በኋላ በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ማስቀመጥ ለመድኩ።

ከሁሉ የጠቀማት ግን ማበጠሪያው ነው። በየቀኑ 3 ደቂቃ፣ ከወገቧ ወደ ጅራቷ፣ በየመሃሉ ጥርሱን በሶፍት መጥረግ። መጀመሪያ ሶፍቱ ቢጫ ይሆን ነበር። የጅራቷ ጫፍ መወዛወዝ ሲጀምር አቆማለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥፍር ነው።

አሁን ሶፍቱ ደረቅ ነው የሚወጣው። ባለፈው ሳምንት ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ወገቧን ስትልስ አየኋት። ጅራቷ ሥር ለመድረስ ስትንጠራራ ሚዛኗን ስታ ተንከባለለች። ዞር ብላ አየችኝ። እኔም እንዳላየ ሆንኩ።