የኮርማ ፉክክር

ዛሬ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሁለት ኮርማ ተፋጠው አየሁ። አንዱ አፈሩን በኮቴው እየዛቀ ጀርባው ላይ ይበትናል። ሌላው ጎኑን ሰጥቶ ይንጎራደዳል፤ «ግዝፈቴን እይ» ነው ነገሩ። ጊደሯ ሣሯን ትግጣለች፣ ምንም አልመሰላት! እረኛው ልጅ በዱላ በተናቸው።

ኤልክ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ትልቅ አጋዘንም መስከረም ላይ እንዲህ ያደርገዋል። ወንዱ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል። ሽንቱን ሆዱና አንገቱ ላይ ይረጫል (ሽቶው መሆኑ ነው)። ከተቀናቃኙ ጋር ጎን ለጎን እየተራመደ ይለካካል። ብዙ ጊዜ ደካማው እዚሁ ላይ ውልቅ ይላል። ካልተበላለጡ ግን ቀንድ ለቀንድ ነው።

ያሸነፈው አንዳንዴ ከ20 በላይ ሴቶች ይሰበስባል። ጎረምሶቹ ደግሞ ዳር ዳር እያሉ ሊሰርቁበት ይሞክራሉ። ታዲያ መብያ ጊዜ ከየት ይምጣ? ከስቶ፣ ጎኑ ገብቶ በረዶው ይደርስበታል።