የጥናት ሐሳቤን ዛሬ አስገባሁ

ዛሬ የጥናት ሐሳቤን ለአማካሪዬ አስረከብኩ። በዚህ መንፈቀ ዓመት ለብቻዬ ላጠናቸው የምፈልገው የሠዓሊ ታደሰ መስፍንን የጉሊት ሴቶች ነው፤ «የሕይወት ምሰሶዎች» የተባሉትን ተከታታይ ሥዕሎች።

ሠፈራችን ያሉት ባለጉሊቶች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ድንጋይ ወይም የተገለበጠ ሳጥን ላይ፣ ከፊታቸው ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ደርድረው። መንገደኛው ቁልቁል ነው የሚያያቸው። ሥዕሉ ላይ ግን ቆመዋል። አንዷ ገዝፋ ከፊት፣ ሌሎቹ አንሰው ከኋላ፤ የቆሙበት መሬት እንኳ ከጀርባቸው ካለው ቀለም አይለይም። ሠዓሊው ለምን አስነሷቸው? ጥናቴ ይህችው ጥያቄ ናት። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትዝ ይለኛል፤ ቅዱሳኑ ከጀርባቸው ቀለም ብቻ ሆኖ ፊት ለፊት እንደሚቆሙት። ያ ክብር ወደ ቲማቲም ሻጯ መጥቷል ብዬ አምናለሁ፤ ማሳየት ግን አለብኝ።

አማካሪዬ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የተጻፈ ነገር ከየት ታገኛለሽ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ ያለው በእንግሊዝኛ በታተሙ የዐውደ ርእይ መጽሔቶች ላይ ነው። እኔን ያስቸኮለኝም ይኸው ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ ታደሰ መስፍን እዚያ ተምረው፣ እዚያው ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ስትከፍት ሥዕሎቹን ያቀረበው ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳም የእሳቸው ተማሪ ነበር። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ። ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገ ግን ላይቻል ይችላል።

ከባዱ ክርክር የተነሳው በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። የሥዕሎቹን ፎቶ ይዤ ባለጉሊቶቹን ላነጋግር አስቤያለሁ። «ልጄ፣ ይህ ሥነ ጥበብ ነው ወይስ ሶሲዮሎጂ?» አሉኝ። ሥነ ጥበብ ነው አልኳቸው። ስለ ሥዕሉ ሃያሲው ይናገራል፣ ሰብሳቢው ይናገራል፤ የተሣለችው ሴት ለምን ትቀራለች?

ክፍሉ እንዲቆይ ፈቀዱልኝ፤ ሴቶቹን የምጠይቀውን አስቀድሜ ጽፌ እንዳሳያቸው ግን አዘዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ጽፌዋለሁ፦ «እናቴ፣ ይህች ሴት ምን የምትሸጥ ይመስልዎታል?»