ቦጉትን ያስቀመጠው አሰላለፍ

ዛሬ የእረፍት ቀኔ ስለነበረ፣ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ እና ክሊቭላንድ ካቫሊየርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያደረጉትን የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ አራተኛ ጨዋታ እንደገና ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ። ዋሪየርስ ባሸነፉት ጨዋታ ብዛት 2 ለ 1 እየተመራ ሳለ አሰልጣኙ ስቲቭ ኬር ረጅሙን አንድሩ ቦጉትን ተጠባባቂ አድርጎ፣ በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር አንድም ጨዋታ በቋሚነት ያልጀመረውን አንድሬ ኢጉዳላን አሰለፈ፤ የመሐል ተጫዋችነቱንም በቁመቱ አጠር ለሚለው ለድሬይመንድ ግሪን ሰጠ።

ጨዋታው እንደተጀመረ ክሊቭላንድ 7 ለ 0 መራ። ኬር አጭር የጨዋታ እረፍት ጠየቀ፤ ቦጉትን ግን አልመለሰም። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ይህ ትዕግሥት ነው፤ ብዙ አሰልጣኝ እዚያ ላይ ይደነግጥ ነበር። በእርግጥ የክሊቭላንዱ ረጅም ተጫዋች ቲሞፌይ ሞዝጎቭ ከቅርጫቱ ሥር እንደ ልቡ እየሆነ 28 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ነገር ግን ክሊቭላንድ ሲከላከል የዋሪየርሱን ኮከብ ስቴፈን ከሪን ለመያዝ ሁለት ተጫዋቾች ሲወጡ ኳሷ ለግሪን ትደርሰዋለች፣ እርሱና ሦስት ጓደኞቹ አራት ለሦስት ሆነው ሲያጠቁ ሞዝጎቭ የቱን ትቶ የቱን እንደሚይዝ ሲቸገር በግልጽ ይታያል። ዋሪየርስ 103 ለ 82 አሸነፈ፤ የቀሩትን ሁለቱንም ጨዋታዎች ደግሞ።

ኢጉዳላ የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው በ7 ድምፅ ሲሆን ቀሪዎቹ 4 ለክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ ተሰጥተዋል። ከሪ አንድም ድምፅ አለማግኘቱን ዛሬም አልቀበለውም፤ ያ አሰላለፍ የሠራው ሁለት ተከላካዮች እርሱን ስለፈሩ ነውና።