የቼስተር ተራራና የ16 ዓመቱ ልጅ

ዛሬ ካናዳ ውስጥ ካለችው ካልጋሪ ተነስተን ከማኅበራችን ሰዎች ጋር ካናናስኪስ የሚባለው ተራራማ አካባቢ ደርሰን መጣን። ወደ ቼስተር ሐይቅ የሚያወጣው ዳገት ላርች በሚባለው ዛፍ ቢጫ ሆኖ አደይ አበባ የፈነዳበት መስክ መስሏል። (መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ሲረግፍ ማየት አሁንም ይገርመኛል።)

ከሐይቁ በላይ የቆመው ተራራ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና ጀርመን በተዋጉበት በጀትላንድ የባሕር ውጊያ ጃክ ኮርንዌል የተባለ የ16 ዓመት ልጅ በዚሁ በቼስተር መርከብ ላይ ተሰልፎ ነበር። መድፉን የሚተኩሱት ሁሉ ሞተውና ቆስለው ሲወድቁ፣ እርሱ ደረቱ በብረት ስብርባሪ ተወግቶ፣ ትእዛዝ እየጠበቀ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከሁለት ቀን በኋላ ሐኪም ቤት አረፈ። ከዚህ በስተደቡብ በራሱ ስም የተሰየመ ተራራም አለ።

ይህን ስተርክላቸው አብረውን የወጡት እትዬ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና «እናቱስ ደረሰችለት?» አሉኝ። አልደረሰችም፤ ተጠርታ መንገድ ላይ ሳለች ነው የሞተው። «ወይኔ ልጄን!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ኢንቪንሲብልና ኢንዲፋቲጌብል የሚባሉት ተራሮችም በዚያው ውጊያ የሰመጡ መርከቦች ስም ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር ከ1,000 በላይ መርከበኛ አልቋል። ስያሜው ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ስቶኒ ናኮዳ የሚባለው ነባር ሕዝብ ለአገሩ የራሱ መጠሪያዎች ነበሩት። በእኛ አገር አምባላጌ ያን ሁሉ ሬሳ ተሸክሞ እንኳ የጥንት ስሙን እንደያዘ ነው።

መሄድ የምታስቡ ቅጠሉ ሳይረግፍ ፍጠኑ። የመኪና ማቆሚያው በማለዳ ይሞላል፤ የመግቢያ ፈቃዱንም አስቀድማችሁ ክፈሉ።