ፒቱ የት ነው?

የስምሪት ኃላፊያችን ለቡና አውደ ርዕይ ጆሃንስበርግ በሄደበት አጋጣሚ ክያላሚ ገብቶ፣ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ የሚሰጠውን የመንዳት ሥልጠና ወስዶ መጣ። ክያላሚ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ መካከል ያለው ሜዳ ነው። የመጨረሻው ፎርሙላ ዋን የተካሄደበት በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከታደሰ በኋላ አንድ ዙሩ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኗል። የምስክር ወረቀቱ በማግስቱ ከስምሪት ሰሌዳው በላይ ተሰቀለ፤ የራስ ቁር ያጠለቀበት ፎቶም አብሮ። በሳምንቱ «ሾፌር በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት መጋዘኑ ግቢ እንዲገኝ፣ ጋራዥም ጭምር» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት የጅማ ሾፌር የት መሆን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አያወጣም፤ ቢሆንም ሁሉም መጣ።

ሥልጠናው ቁም ነገር አልነበረውም ማለት ግፍ ነው። የተጀመረው ከመቀመጫ ነው። ጀርባ ሙሉ በሙሉ ተደግፎ ክንድ ሲዘረጋ የእጅ አንጓ መሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ ሲረገጥም ጉልበት ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ ቀጥ ካለ መቀመጫው ርቋል ማለት ነው። እጅ በግራና በቀኝ፣ መሪው ወገብ ላይ። ከሾፌሮቻችን ግማሹ ወንበሩን አስተኝቶ በአንድ እጅ የሚነዳ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ጉርምርምታ ነበር። ቀጥሎ ዓይን መጣ፦ ዓይን ኮፈኑ ፊት ለፊት ያለውን ሳይሆን የኩርባውን መውጫ ይፈልግ፣ እጅ ዓይንን ይከተላል። ሜዳው ላይ ይህን የሚያስተምሩት ኮን ደርድረው ነው፤ አንዱ መዞር የሚጀመርበት፣ አንዱ የኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ፣ አንዱ መውጫው። እኛ ጋ ኮን ስላልነበረ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተደረደረ። ውሃ የሚረጭበት የመንሸራተቻ ሜዳም እንዳለ ነገረን። ጅማ ላይ ለዚህ ፓምፕ አያስፈልግም፣ ክረምቱ ይበቃል።

ከዚያ ፍሬን። «አጥብቀህ፣ ባጭሩ፣ ከዚያ ልቀቅ» አለ ኃላፊው። ፍሬኑ ገና በቀጥታው መንገድ ላይ ሳለ ይያዛል፤ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ያለው መኪና ፔዳሉ እግር ሥር ቢንቀጠቀጥም አይለቀቅም፤ ወደ ኩርባው ሲገባ እግር ቀስ እያለ ይነሳል። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መሄድ የተከለከለ ነው፣ ምክንያቱም የፍሬን ሸራው ሳይለቅ ስለሚታሽ ዲስኩ የሚበርድበት ጊዜ አያገኝም። ሁሉም ትክክል።

ጋሽ ነጂብ እጁን ያወጣው እዚህ ጋ ነው። ጋሽ ነጂብ ኤንትሬ፣ ያንን የድሮ የፊያት ጭነት መኪና፣ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጥያቄ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ያኔ መጠንቀቅ ነው።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እዚያ ሜዳ ላይ ፍሬኑ ሲግል ምን ይደረጋል?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሽ ነጂብ። አንዱ ልምምድ 20 ደቂቃ ያህል ነው። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ በዝግታ ይዞራሉ፣ ነፋሱ ያበርደዋል። ከዚያ ፒት ይገባሉ። ፒት ገብተው ግን የእጅ ፍሬን አይያዝም፤ ማርሽ ውስጥ ከተው ይወርዳሉ።»

«ፒት ማረፊያው ነው?»

«አዎ።»

«ጥሩ። ከአበልቲ ወደ ግቤ ስንወርድ ፒቱ የት ነው?»

ሳቁ እስከ ጥበቃው ቤት ተሰማ። ኃላፊው ፊቱ ቀላ፤ «ግቤና የውድድር ሜዳ አይገናኙም» ብሎ ወደሚቀጥለው ርዕስ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ የሚፈልግም፣ ደሞዝ የዘገየበትም «ፒቱ የት ነው?» ይል ጀመር።

የሚያናድደው ግን ሳቁ ሳይሆን መልሱ ነው፤ ምክንያቱም ይገናኛሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መኪና 100 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ፣ ሞተሩና ነፋሱ ካላገዙት፣ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚከንፍን ያንኑ መኪና አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ጋር እኩል ነው። የግቤ ቁልቁለት 100 ሜትር ብቻ እንዳልሆነ የአዲስ አበባን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ደግሞ ሜዳው ላይ ፍጥነት ስላለ በቸርኬው መካከል የሚያልፈው አየር ብዙ ነው። ግቤ ላይ ግን በ40 እየተጎተቱ ነው የሚወረደው፤ ያውም ሙቀቱ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየጨመረ። የጭነት ፒካፕ ፍሬን ግቤ ላይ የሚያየውን አበሳ እዚያ ሜዳ ላይ ያለው የስፖርት መኪና ላያየው ይችላል።

ስለዚህ ለጋሽ ነጂብ ትክክለኛው መልስ «ፒቱ ከላይ ነው» የሚል ነበር። አበልቲ ላይ ቆሞ፣ ጎማና ፍሬን አይቶ፣ ማርሽ መርጦ መውረድ። ሽቅቡን የሚወጣበትን ማርሽ ለቁልቁሉም መያዝ፤ ብዙ ጊዜ 2ኛ፣ ጭነት ከሌለ 3ኛ። ፍጥነቱ ከተወሰነው ሲያልፍ አጥብቆ ይዞ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል ማውረድ፣ መልቀቅ፣ እንደገና። ቅዳሜ ጠዋት የተነገረን «አጥብቀህ፣ ባጭሩ፣ ልቀቅ» ይኸው ራሱ ነው። ሰውየው የያዘውን መልስ ሳያውቀው ጣለው።

ብዙም ሳይቆይ ሚፍታህ ሃይሉክሱን ይዞ የመፈልፈያ መለዋወጫና የቡና ናሙና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ግቤ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ ፔዳሉ ወለል ነካ። ልጁ ግን አልደነገጠም፦ ፔዳሉን ደጋግሞ መታ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭኖ ቀስ በቀስ ሳበ፣ በተራራው በኩል ያለውን ቦይ አስታኮ አቆመው። ግማሽ ሰዓት ከቆመ በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ። እየተጠነቀቀ ወልቂጤ ደርሶ ደወለ፣ በማግስቱም ወደ ጅማ ተመለሰ።

ኃላፊው ግቢ ውስጥ ሃይሉክሱን ራሱ ነዳው። ሁለት ጊዜ ረገጠ፣ ሁለቱንም ጊዜ ቀጥ አለ። «ፍሬኑ ይይዛል» አለና ያለ በቂ ምክንያት ጉዞ በማስተጓጎል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዘ።

«ወለል ነካ እያልኩዎት!» አለ ሚፍታህ።

«አሁንስ?»

«አሁን በርዷላ።»

በዚህ ሦስት ቃል በማይሞላ መልስ ውስጥ ሙሉ ምርመራው አለ። ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ እግር ይለያቸዋል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ የጋለው ሸራው ነው፤ ሽታውም ይነግርሃል። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ከነካ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይት አይታመቅም፤ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ግን ይታመቃል፣ የእግርህን ጉልበት ውጦ ያስቀረዋል። ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፣ መኪናው ጋራዥ ሲደርስም ምንም የለበትም። ስንት ሾፌር በዚህ ምክንያት ውሸታም ተብሏል!

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ጅማ ደግሞ እርጥበት የምትሰስት ከተማ አይደለችም። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን መፍላት ያለበት ከ205 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን 140 ዲግሪ ሊበቃው ይችላል። ዶት 4 በአዲስነቱ 230፣ ውሃ ጠጥቶ 155 ነው። ሜዳ ላይ ከመግባት በፊት ዘይቱ አዲስ መሆኑን የሚጠይቁት ለዚህ ነው፤ ይህንንም ኃላፊያችን ቅዳሜ ዕለት በራሱ አንደበት ነግሮን ነበር። የሃይሉክሱን ማጠራቀሚያ ስንከፍት ዘይቱ ጠቁሯል፣ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ የሚለካው የመመርመሪያ ብዕርም ቀዩን አበራ።

«ታዲያ ለምን ሳይቀየር ቆየ?» አለ ኃላፊው።

የግዥ መጠየቂያው ፋይል ውስጥ ነበር። «ዶት 4፣ 6 ሊትር»፤ ለስድስት ፒካፕ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሊትር ሙሉ በሙሉ ለማጠብ ይበቃል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «በቀጣዩ በጀት ይታይ» የሚል አለ፣ ከፊርማ ጋር። ፊርማው ከምስክር ወረቀቱ አጠገብ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ማንም ምንም አላለም። ዘይቱ በማግስቱ ተገዛ። ከማስተሩ፣ ፔዳሉ ዘይቱን ከሚገፋበት ፓምፕ፣ ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ተጀምሮ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ እየተባለ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ አየሩ ወጣ። ማጠራቀሚያው በመካከል እንዳይጎድል አንድ ሰው ቆሞ ይሞላል፤ ከጎደለ አየር ገብቶ ሥራው ከሀ ይጀመራል።

ደብዳቤው ግን አልተሰረዘም።

ለፍትሕ ሲባል የጋሽ ነጂብም መነገር አለበት። እሱ የሚነዳው ፒካፕ የኋላ ታምቡር፣ ሸራው ከውስጥ የሚይዘውን የብረት ከበሮ፣ ቶሎ ቶሎ ያስቀይራል። ልማዱ ይታወቃል፦ ግቤ ድልድይ አካባቢ ሲደርስ ያቆማል፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ጥርስ ይስባል፣ ረዳቱ በጄሪካን ውሃ ቸርኬው ላይ ያፈሳል። ሃይሉክስ ላይ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ታምቡር ነው። የጋለ ታምቡር በሸራ ተወጥሮ ሲበርድ ክብነቱን ይለቅና እንቁላል ይሆናል፤ ውሃው ሲጨመርበት ይሰነጠቃል። ከዚያ ፔዳሉ እግር ሥር ይመታል፣ ሾፌሩም «ሸራው ጥራት የለውም» ይላል። ተርኖ ቤት ተልኮ ቢላጭም ማለቂያ አለው፤ 295 ሚሊ ሜትር የሆነው ታምቡር 297 ካለፈ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነው የሚሄደው። ሙሉ ግቢ ያሳቀው ሰው፣ የእጅ ፍሬን አይያዝም ሲባል ከሁሉ በላይ መስማት የነበረበት እሱ ነበር። ሲነገረው «እኔ በዚህ እጄ ስንት ዓመት» አለ። እጁን ማንም አልጠየቀውም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የሚፍታህ ዘይት ያረጀ ቢሆንም፣ ያንን ያህል ጭነት 2ኛ ማርሽ ይዞ ቢወርድ ለመፍላት መድረስ አልነበረበትም። መካኒኩ ጎማ እየፈታ በቀስታ «በስንተኛ ነበርክ?» አለው። ሚፍታህ ግራ ቀኝ አየና «በፎሌ» አለ።

ለምን በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ? ስምሪት ክፍሉ በየወሩ ነዳጅ ለቆጠበ ሾፌር ሽልማት ስለሚሰጥ። የሚገርመው በፎሌ መውረድ ነዳጅ አለመቆጠቡ ነው። ዛሬ ባሉት ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ኢንጀክተሩ ነዳጅ ማስገባቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የግድ ነዳጅ ይጠጣል። በኤንትሬ ዘመን የተማረ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ ሚፍታህ ግን ይህን የወረሰው ከማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በሳምንቱ አዲስ መመሪያ ተለጠፈ፤ ባለ ሦስት ነጥብ። ፍሬን በጋለ ጊዜ የእጅ ፍሬን አይያዝም። ቸርኬ ላይ ውሃ አይፈስስም። ከአበልቲ በፊት ቆሞ መፈተሽ ግዴታ ነው። ጥሩ መመሪያ ነው፣ ፎሌን ግን አይጠቅስም፤ ፎሌ ቢጠቀስ ሽልማቱም መጠቀስ ነበረበት። የወሩ ሽልማት ሲወጣ አንደኛ የሆነው ሚፍታህ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውና የምስጋና ደብዳቤው በአንድ ፋይል ውስጥ ተከታትለው ገብተዋል፣ የመዝገብ ቁጥራቸውም ተከታታይ ነው።