ላንጋኖ ያልደረሰችው ጀልባ

የምሠራው ሀዋሳ፣ ከአቶቴ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ነው። የዶልፊን ሚኒባስ ሆድ ዕቃ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ ብዬ ጉራ የምነዛ ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ነው ያልኩት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የድሮ ደንበኛዬ ዶልፊኑን ይዞ መጣ። ሞተሯ 3ኤል ነው። 2.8 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ተርቦ የሌለው። ታክሲ ሠርታለች፣ ተማሪ አመላልሳለች፣ አሁን ጡረታ ልትወጣ ነው ብዬ ሳስብ ሰውዬው "ወንድሜ፣ ጀልባ ገዛሁ" አለኝ። ከነቤተሰቡ ላንጋኖ ድረስ ጀልባውን እየጎተተ ሊሄድ፣ ማታ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሊያድር አስቧል። የኋላ ወንበሮቿን አስፈትቶ ፍራሽ አስገብቷል። መጋረጃም ሰቅሏል።

"ጋንቾ ፓራውልቱ ላይ በይድልኝ" አለ። ተሳቢው የሚያያዝበትን መንጠቆ ከኋላው መከላከያ ብረት ላይ ማለቱ ነው።

"ፓራውልት ላይማ ከበየድኩልህ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጀልባህ ከነፓራውልትህ ወደ ሀዋሳ ይመለሳል" አልኩት።

ሥራውን ወደድኩት፤ እውነቴን ነው። ዘይት ቀይር፣ ፍሬን አጥብቅ ከሚለው የየቀኑ ሥራ ወጣ ያለ ነበር። ጋንቾውን ከሻንሲው ጋር በወፍራም ላሜራ አያይዤ በቡሎን አሰርኩት። ቡሎኑ ያረጀውን ብረት እንዳይቀደው ከጀርባ ሌላ ላሜራ አስደገፍኩ። ባልስትራዋ ላይ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጨመርኩ። ፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ቀየርኩ። ለተሳቢው ፍሬቻና ስቶፕ ገመድ ዘረጋሁ።

ከእህል ነጋዴው ሚዛን ተውሼ የተሳቢውን አንገት ሳይቀር መዘንኩ። ጠቅላላው ወደ 600 ኪሎ ነው። አንገቱ ላይ የሚያርፈው ግን 20 ኪሎ ብቻ ሆነ። የጀልባው ሞተርና የቤንዚን ጀሪካኑ ኋላ ናቸዋ። ኋላው የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር ጅራቱን ይቆላል፤ መኪናዋንም ይዞ ይወዛወዛል። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ጀሪካኑን ወደ ፊት አምጥተን፣ ጀልባውን ገፋ አድርገን 60 አደረስነው። በዚህ ሚዛን የተነሳ ጋራዡ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ።

"ጨሰች" አለኝ።

ሻሸመኔን አልፈው፣ አርሲ ነጌሌ ሳይገቡ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዤ በሚኒባስ ደረስኩ። ልጆቹ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ጀልባው ላይ ተቀምጠዋል፤ አስፋልት ዳር። ሚስትየው እኔን ስታይ "ወንድሜ፣ ላንጋኖ ደረስን እንዴ?" አለችኝ። ምን እላለሁ? የፊት ወንበሩን አንስቼ ሞተሩ ውስጥ ጭንቅላቴን ደበቅኩ። በረደች፣ ሞላናት፣ ተመለሱ። ሲመለሱ አልሞቀችም። ቁልቁለት ነዋ።

ሰኞ ራዲያተሩን አውርጄ አሳጠብኩ። ቺንጋውን (ቀበቶውን) አጠበቅኩ፤ ማኒኮቶዎቹን፣ የውሃ ጎማዎቹን፣ አየሁ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ሳገላብጠው ጎማው ተሰነጣጥቋል። አገኘሁህ አልኩ! እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ክዳን ውሃውን አፍኖ መፍያውን ወደ 115 ያስጠጋዋል። ጎማው የሞተ ክዳን ግን ከድስት ክዳን አይሻልም። አዲስ ገጠምኩና ጀልባውን አስከትዬ በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሻሸመኔ ወጣሁ።

የሙቀት መርፌው ዳገቱ ላይ እንደገና መውጣት ጀመረ። መስኮት ከፍቼ፣ ከሞተሩ ሙቀት እንዲቀንስልኝ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ለቅቄ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ሙቀት ጨምሬ እንደምንም ተመለስኩ። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

"ጓርኒሲዮን ነው" ብዬ ፈረድኩ፤ በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ይከፈታል ብዬ ለባለቤቱ ነገርኩት። ሰውዬው ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የቴስታታ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያውቃላ።

ቴስታታውን ልፈታ ቁልፍ ሳዘጋጅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መካኒክ ለቡና መጡ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ይመጣሉ። ቁጭ ብለው ያዩኝና ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል።

"ጭነት ሳይኖራትስ?" አሉኝ።

"ኧረ በረዶ ናት ጋሼ። መርፌዋ ግማሽም አይደርስ።"

"ግማሽም አይደርስ?" ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ቴርሞስታት አላት?"

"የላትም። አውጥቼዋለሁ።"

"ማን?"

"እኔ። የዛሬ ሦስት ዓመት።"

ይህንን ስናገር እንኳ አልነቃሁም። ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። በእኛ ሰፈር መኪና ሞቀ ሲባል የመጀመሪያው ሥራ እሱን አውጥቶ መጣል ነው። ያስተማረኝም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። መንገዱ ከተከፈተ ውሃው እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ከሄደ ይቀዘቅዛል፤ በቃ።

ጋሼ አልተከራከሩኝም። አዲስ ቴርሞስታት ግዛ አሉኝ። ገዝቼ ስመጣ ገልብጠው አዩትና "መልስ፤ ይቺ ታች ሳህን የላትም" ብለው ላኩኝ። ሁለተኛውን ሳመጣ በሽቦ አንጠልጥለው፣ ቡና የምታፈላልን ልጅ ከሰል ላይ በጣሳ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ጋራዡ በሙሉ ተሰብስቦ ጣሳ ያያል።

ውሃው ሳይፈላ፣ ዳር ዳሩን አረፋ ሲይዝ፣ ላይኛው ሳህን ቀስ ብሎ ተከፈተ። ይህንንማ አውቀዋለሁ።

"ታችኛዋን እያት" አሉ።

በዚያው ቅጽበት ከሥር ያለችው ትንሽ ሳህን ወደ ታች ወርዳለች። አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ልብ አላልኳትም። በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ ውሃው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በራዲያተሩ በኩል ዞሮ ይመጣል፤ ሌላው አጭር ነው፣ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። አጭሩ መንገድ ሞተሩ ጠዋት ቶሎ እንዲሞቅ ነው የተሠራው። ሞተሩ ሲሞቅ ይህቺ ታችኛዋ ሳህን ትዘጋዋለች። እኔ ቴርሞስታቱን ሳወጣ መዝጊያውንም አብሬ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ከውሃው ከፊሉ እንደ ሞቀ እየተመለሰ ነበር። ባዶዋን ስትሄድ የቀረው ይበቃታል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ትቀዘቅዛለች። 600 ኪሎ አስከትላ ዳገት ስትወጣ ግን አይበቃትም።

ገጠምኩት፤ ክዳኑንም ውሃውንም በደንብ አየሁ። ከሰዓት በፀሐይ፣ ከነጀልባው አርሲ ነጌሌ ድረስ ሄድኩ። መርፌው ግማሽ ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ። መንገዱን ሳይሆን እሱን እያየሁ ነው የነዳሁት፤ አይመከርም።

ለባለቤቱ መንገር ከሥራው ይልቅ ከበደኝ። ያረጀ ዕቃ ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ማን ያውቃል? ጋሼ ያውቃሉ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ናት ስትለኝ የነበረው?" አለኝ። የራዲያተር ማጠቢያውንና የእጅ ዋጋውን መለስኩለት። የክዳኑን አልመለስኩም። እሱስ በእውነት ሞቶ ነበር።

በሳምንቱ ላንጋኖ ደረሱ። ሚስትየው ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሆነው የተነሱትን ፎቶ ላከችልኝ፤ ምንም ጽሑፍ የለውም።

ያን ዕለት ማታ የአሮጌ ቡሎን ጣሳዬን ወለሉ ላይ ደፋሁት። ባለፉት ዓመታት ያወጣኋቸው ቴርሞስታቶች እዚያ ነው የሚጣሉት። ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። የማን መኪና እንደሆኑ የማስታውሰው የአራቱን ብቻ ነው። ለሦስቱ ደወልኩ። አራተኛው መኪናውን ሸጦታል፤ የገዛው ሰው በዲላ መስመር ጭነት እየሠራባት ነው አሉኝ። ስልኩን እያፈላለግኩ ነው።